የእማማን ወይም የአባባን ታሪክ መጽሐፍ ማድረግ፦ ከድምፅ ቅጂ እስከ ጥረዛ

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት በጅማ አውራጃ ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ግማሽ ገጽ ነው። ስሙ ቢነሳ የማንም ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱም አልሰማውም። ለልጅ ልጅ የሚቀር መጽሐፍ ግን ባለታሪኩ በሕይወት እያለ፣ በራሱ አንደበት፣ በራሱ አነጋገር መዘጋጀት አለበት። ከዚህ በታች ያለው፣ ለጅማና ለአካባቢዋ ቤተሰቦች የተዘጋጀው ሥራ ሁሉ፣ ቅጂውም እርማቱም ኅትመቱም፣ ይህ አንደበት መንገድ ላይ እንዳይጠፋ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

መጠኑን አስቀድሞ መቁረጥ

ለአንድ ቤተሰብ 96 ገጽ ያለው፣ ኤ5 መጠን (14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር) መጽሐፍ ይበቃል። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አትሞ ስለሚያጥፈው፣ ገጹ የ16 ብዜት ሲሆን (80፣ 96፣ 112) መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ አይተርፍም። በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 230 ያህል ቃል ይይዛል። 65 ገጹን ለጽሑፍ፣ የቀረውን ለፎቶና ለዘር ሐረግ ብትመድቡ፣ የሚያስፈልጋችሁ ወደ 15,000 ቃል ነው። ይህን ለማግኘት ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ መቅዳት በቂ ነው፤ እያንዳንዱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ከዚያ በላይ ከቀጠላችሁ ሽማግሌው ይደክማሉ፤ ሲደክሙ ደግሞ ታሪኩን ያሳጥሩታል።

በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን። ቡና ለቀማ ላይ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ገጠር ያለ ቤተሰብ ጊዜ የለውም። በረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ ለክርስቲያን ቤት ደግሞ እሑድ ጠዋት አትያዙ።

ቅጂው

ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ የትኛውም ማጣሪያ ከድምፅ ውስጥ አያወጣውም። ስለዚህ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ቅዱ። መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ባጃጁ እንዳይሰማ ወደ ጓዳው ግቡ። ምንጣፍ፣ ፍራሽና መጋረጃ ያለበት ክፍል ድምፅ አያስተጋባም። ባዶ ሳሎን ያስተጋባል።

ስልክ ይበቃል። ከአፋቸው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ታጥፎ በተቀመጠ ጋቢ ላይ አድርጉት፤ ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ካረፈ የጣት መታ መታ እንኳ እንደ መዶሻ ይሰማል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ ብዙ ስልኮች ጥሪ ሲገባ ቅጂውን ያቆማሉ፣ ማንም ሳያውቅ ግማሹ ወሬ ሳይያዝ ይቀራል። አንድ ደቂቃ ሞክራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች በድምፅ ተናገሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚያገኝ ሰው ማን እየተናገረ እንደሆነ ሌላ የሚነግረው የለም።

ቡናውን ወደ መጨረሻ አድርጉት። ቡና ላይ ጨዋታው እንደሚደምቅ የታወቀ ነው፤ ግን ሙቀጫው፣ የሲኒው ኳኳታና የጎረቤቱ መግባት መውጣት ቅጂውን ያበላሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረቤት ባለበት ማንም ስለ መጀመሪያ ትዳሩ፣ ስለ ዕዳው ወይም ከወንድሙ ስለተጣላበት መሬት አይናገርም። ቅጂው ካለቀ በኋላ ቡናው ይፈላ፤ እዚያ ላይ የሚነሳውን በደብተር ያዙና ለሚቀጥለው ቀን ጥያቄ አድርጉት።

ጠያቂው ማን ይሁን? ብዙ ጊዜ ልጅ ይጠይቃል፤ የተሻለው ግን የልጅ ልጅ ነው። ልጅ ሲጠይቅ «አንቺ ታውቂው የለም እንዴ» ተብሎ ይታለፋል። የልጅ ልጅ አያውቅም፤ ስለዚህ ከሥሩ ጀምረው ይነግሩታል። እንደ ቤቱ ልማድ እማማ፣ አባባ፣ ሐጂ እየተባለ፣ በአንቱታ ይጠየቅ።

«ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው የቀብሩን ጽሑፍ ነው። በዕቃና በቦታ ጀምሩ። ያደጉበት ቤት በሩ ወደየት ይከፈት ነበር? ማታ ማን የት ይተኛ ነበር? ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና ቤቱን ይሳሉት፤ በመስመር ላይ ጣታቸውን ሲያሄዱ በየጥጉ አንድ ታሪክ ይወጣል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ማን ይወስድዎ ነበር? ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ምን ይዛችሁ ተመለሳችሁ? ቡናው በፈረሱላ ስንት ይሸጥ ነበር፣ ገንዘቡንስ ማን ይይዘው ነበር? ከጥያቄው በኋላ ዝም በሉ። አሥር ሰከንድ ዝምታ ለጠያቂው ይረዝማል፣ ለሚያስታውስ ሰው ግን አጭር ነው፤ በጣም ጥሩው ነገር የሚወጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ እዚያው አታርሙ፤ እርማት የሚሰማ ሰው ከዚያ በኋላ መናገር ይፈራል።

ቤት ውስጥ የሚናገሩት ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ቅዱ። ዳውሮኛም፣ ከፊኛም፣ ጉራጊኛም እንደዚያው። መጽሐፉ በአማርኛ ቢወጣም ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው በልጅነቱ ቋንቋ ነው። የትርጉሙን ሥራ ሁለት ሰው ያየው፤ ዘፈንና ምሳሌያዊ አነጋገር ግን እንደተነገረ በራሱ ቋንቋ (ኦሮምኛው በቁቤ) ይጻፍ፣ ፍቺው ከሥሩ ይቀመጥ።

ፋይሉን እዚያው ቀን ከስልክ አውጡት። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ሲቀዳ የአንድ ሰዓት ቅጂ 58 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ስሙም «አዲስ ቅጂ 7» አይሁን፤ 2018-02-14 እማማ 03 በሚል መልክ ቀኑን አስቀድማችሁ ሰይሙ፣ በራሱ ተራ ይይዛል።

ዓመቱን ማግኘት

ብዙ ሽማግሌዎች የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም፤ መታወቂያው ላይ ያለው ደግሞ በግምት የተሞላ ነው፣ ሁለት መታወቂያ ካለ ሁለት ዓመት ይገኛል። በግድ አንዱን አትምረጡ። ታላላቅ ክስተቶችን እንደ ችካል ተጠቀሙ፦ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ አብዮቱ የፈነዳበት የካቲት 1966፣ የገጠር መሬት የታወጀበት የካቲት 1967፣ ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሐምሌ 1967፣ የብር ኖቱ የተቀየረበት 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት 1971፣ ደርግ የወደቀበት ግንቦት 1983። «ቤቱ ሲወረስ የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? ይሄድ ነበር ወይስ ይታዘል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ሰነድ በላይ ያቀርባችኋል። ካልጠራ «በ1930ዎቹ መጀመሪያ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

የፈረንጅ ቀን ያለበት ሰነድ ሲገጥም ሁልጊዜ 8 መቀነስ የተለመደ ስሕተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መባቻ ባለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው። ኦክቶበር 1974 ጥቅምት 1967 ነው፤ ማርች 1975ም መጋቢት 1967 ነው። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ይሂድ፤ የግድ ሲሆን ብቻ እ.ኤ.አ. ጨምሩ።

የቦታ ስምም ይቀየራል። በድሮው ሰነድ «ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ ሊሙ አውራጃ» የተባለው ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ጅማ ዞን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሲጠቀስ ሁለቱንም ጻፉ፣ ከዚያ በኋላ ባለታሪኩ በሚጠራበት ስም ቀጥሉ።

መገልበጥና ማረም

አንድ ሰዓት ቅጂ መገልበጥ ለጀማሪ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ፍጥነቱን ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ፣ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን በጽሑፉ ውስጥ ምልክት አድርጉ። የስልክ ኪቦርድ በአማርኛ ድምፅ ይጽፋል፤ ሽማግሌው በተደባለቀ ቋንቋ ሲናገሩ ግን ብዙ ይስታል። የሚሻለው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማችሁ እናንተ ጥርት አድርጋችሁ ደግማችሁ መናገር ነው። ከሳምንት በላይ አታቆዩት፤ ያልተሰማውን ቃል መጠየቅ የምትችሉት ወሬው ትኩስ ሳለ ነው።

መጽሐፉ የሚሞተው ወይም የሚድነው እርማቱ ላይ ነው። አንድ ለማሳያ የተዘጋጀ ቁራጭ እንይ። የተገለበጠው እንዲህ ነው እንበል፦

«እና… ሐሙስ ነው እንግዲህ፣ ሂርማታ። እናቴ ቅቤ ትይዛለች፣ እኔ… ምን… ዶሮ። ሁለት ዶሮ። እግራቸው ታስሮ። አንዷ አመለጠችኝ፣ አንዷ… አወይቱ ድረስ ሮጥኩ። ኧረ! እናቴ እንግዲህ አልተቆጣችኝም። እስከ ማታ አላናገረችኝም እንጂ።»

ተምሬያለሁ የሚል አራሚ እንዲህ ያደርገዋል፦

«በልጅነታቸው ወላጅ እናታቸውን በንግድ ሥራ ያግዙ የነበረ ሲሆን፣ በገበያ ዕለትም የተለያዩ ምርቶችን ወደ ሂርማታ ገበያ በማቅረብ…»

ዶሮዋ ጠፋች፣ ወንዙ ጠፋ፣ የእናትየው ዝምታ ጠፋ። መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦

«ሐሙስ ነው፣ ሂርማታ። እናቴ ቅቤ ትይዛለች፣ እኔ ሁለት ዶሮ፣ እግራቸው ታስሮ። አንዷ አመለጠችኝ፤ አወይቱ ድረስ ሮጥኩ። እናቴ አልተቆጣችኝም። እስከ ማታ አላናገረችኝም እንጂ።»

የወጣው «እና»ው፣ «እንግዲህ»ው፣ «ኧረ»ው፣ መደነቃቀፉና ድግግሞሹ ብቻ ነው። አንድም ቅጽል አልተጨመረም። ቁጥሩ፣ ስሙና የዓረፍተ ነገሩ አወራረድ እንዳለ ነው። «እኔ» የሚለው ወደ «እሳቸው» ከተቀየረ መጽሐፉ ወዲያው ሪፖርት ይሆናል፤ ለአክብሮት ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ግን ሰውየውን ከገዛ መጽሐፋቸው ያስወጣቸዋል። አንባቢ የማይረዳው ነገር ካለ ማብራሪያውን በሌላ ፊደል፣ በአዘጋጁ ስም፣ ከአንቀጹ በታች አስቀምጡ። አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ከተነገረ ሞላ ያለውን ያዙ፤ ከሌላው የጎደለውን ስም ወይም ዋጋ ብቻ ውሰዱ፣ ዓረፍተ ነገሮቹን ግን አታዳቅሉ።

ምዕራፎቹን በኖሩባቸው ቤቶች ከፋፍሉ። የተወለዱበት ቤት፣ ተማሪ ሆነው የተከራዩት ክፍል፣ የተዳሩበት፣ ራሳቸው የሠሩት። ሰው ዓመት ይረሳል፣ ቤት ግን አይረሳም፤ አንባቢም በቀላሉ ይከተላል። ከስምንት እስከ አሥር ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ከስድስት እስከ ስምንት ገጽ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሙሉውን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። «ይቅር» ያሉት ሁሉ ይቅር፣ ያለ ክርክር። በቀይ ሽብር ዘመን ማን ማንን እንደጠቆመ፣ የመሬት ክስ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የውርስ ጠብ በአንደበት የቀለሉትን ያህል በኅትመት አይቀሉም። በሕይወት ያለን ሰው የሚያሳፍር ነገር ካለ ስሙ ይውጣ፤ ያለ ስምም የሚያሳውቀው ከሆነ ታሪኩ ራሱ ይውጣ። የማንነት ቁጥርና የቤት ካርታ ቁጥር ያለበት ሰነድ ሲታተም ቁጥሩ ይሸፈን።

የዘር ሐረጉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ ሥራ ከሚነሳው ኩርፊያ አብዛኛው የሚመጣው ከተረሳ ስም ነው። ዝርዝሩን ለየቤቱ ታላቅ ላኩ፣ አይተው መልስ እስኪሰጡ ድረስ ወደ ኅትመት አትሂዱ። በልጅነታቸው የሞቱትም ይጻፉ። ጅማ አካባቢ አንድ ሰው የመዝገብ ስሙ ሌላ፣ «አባ» እየተባለ የሚጠራበት ሌላ፣ የክርስትና ስሙ ወይም ሐጅ ደርሶ ያገኘው መጠሪያ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁሉንም በአንድ መስመር አስቀምጡ፤ አለዚያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሦስት ሰው ይሆናል። ከሐረጉ በኋላ አራት ባዶ ገጽ ለሚወለዱት ይተው።

ፎቶና ሰነድ

የጅማ እርጥበት ፎቶን ከክፈፉ መስታወት ጋር ያጣብቀዋል። አትላጡት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉት። ፕላስቲኩ ራሱ የሚጣበቅ አልበም ውስጥ ያለውን ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ እያስገባችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁ፤ እንቢ ካለ ከነገጹ ስካን ይደረግ። ሻጋታ ያለበትን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ጥላ ሥር ደርቆ፣ ውጭ ሆናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ።

ትንንሽ ፎቶዎችን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጉ። 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በዚህ መጠን ስትነሳ 12 በ18 ድረስ ሳትደበዝዝ ትታተማለች። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፤ የድሮ ፎቶ ቤቶች ማኅተምና ቀን እዚያ ያርፋል፣ አንዳንዴም ለማን እንደተላከ ተጽፏል። ስካነር ከሌለ በመስኮት አጠገብ፣ በጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። ስም ስትጽፉ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

ዋናውን ፎቶ ወይም ሰርተፊኬት ላሚኔት አታስደርጉ። እንክብካቤ ይመስላል፣ ግን ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ አንዴ ከተደረገም አይመለስም። የእድር ደብተር፣ የኒካሕ ወረቀት፣ የትምህርት ካርድ፣ የቡና መሸጫ ደረሰኝ ሁሉም ስካን ይደረግ፤ ዋናው ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።

ገጽ ማቀናበር

ፊደሉ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየኮምፒውተሩ በአንድ ዓይነት የሚነበበው፣ ይሁን፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው። በድሮ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ ብቻ ነው። የመስመር ክፍተት ከ1.3 እስከ 1.5፣ የውስጥ ኅዳግ 2 ሴንቲ ሜትር፣ የውጭው 1.5።

አራት ነጥብ በሁለት ኮሎን ተጽፎ ከሆነ በፈልግና ተካ ሙሉውን ወደ «።» ቀይሩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ ላይ አንድ ውሳኔ ይወሰን፤ በተለይ የሰው ስም በሁለት ዓይነት ፊደል እንዳይጻፍ። ግራና ቀኝ እኩል የተደረገ መስመር በረጃጅም የአማርኛ ቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት ስለሚፈጥር፣ ኤ5 ላይ በግራ ብቻ ማስተካከል ለዓይን ይሻላል።

ኅትመትና ጥረዛ

ከ50 ቅጂ በታች ዲጂታል ኅትመት ያዋጣል። ኦፍሴት የሚባለው ኅትመት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚጠይቅ ወጪው የሚቀንሰው በመቶዎች ስታሳትሙ ነው። ለቤተሰብ ብቻ የሚወጣ መጽሐፍ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) የግድ አያስፈልገውም።

80 ግራም ወረቀት ላይ ፎቶ ከታተመ ከጀርባው ያሳያል፤ ጽሑፍና ፎቶ አንድ ላይ ከሆኑ 100 ግራም ያዙ። ፎቶዎቹን ለብቻ ካደረጋችሁ መሐል ላይ 16 ገጽ የሚያብለጨልጭ ወረቀት፣ 130 ግራም። የድሮ ፎቶ ሲታተም ስክሪን ላይ ከሚታየው ይጠቁራል፤ ትንሽ አብሩትና አንድ ገጽ በሙከራ ይታተም።

ጥረዛው በክር የተሰፋ ይሁን። በሙጫ ብቻ የተያዘ መጽሐፍ አጥብቆ ሲከፈት ጀርባው ይሰነጠቅና ገጽ መልቀቅ ይጀምራል፤ ይህ መጽሐፍ ደግሞ በብዙ እጅ ይከፈታል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች የመመረቂያ ጽሑፍ በጠንካራ ሽፋን የሚጠርዙ ቤቶች አሉ፤ እነሱ ዘንድ ከሄዳችሁ አሰፋፉ ከጎን መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከጎን የሚሰፋ ከሆነ የውስጥ ኅዳጉ ከ3 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ካነሰ የመስመሩ መጀመሪያ ስፌቱ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱን በቁመትና በወርድ አጠፍ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ በቀላሉ የሚታጠፍበት አቅጣጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ካልሆነ በክረምት ገጹ ይጨማደዳል። ስስ ሽፋን በአንድ ፊቱ ብቻ ላሚኔት ሲደረግም በእርጥበት ወደ ውጭ ይጠቀለላል፤ ለዚህ አገር ጠንካራው ሽፋን ይሻላል።

መጀመሪያ አንድ ናሙና ብቻ ይጠረዝ። መሐሉን ከፍታችሁ በመዳፍ ተጫኑት፣ የገጽ ቁጥሩን ቁጠሩ፣ የስሞቹን ፊደል ባለታሪኩ ዘንድ ሆናችሁ አንድ በአንድ እዩ። ከዚያ ቀሪው ይታተም፤ ቁጥሩም ከቤተሰቡ አባወራዎች በአምስት ወይም በስድስት ይብለጥ፣ በኋላ የሚጠይቅ አይጠፋም።

አንዱን ቅጂ ማንም እንዳይነካው ለይታችሁ፣ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር በካርቶን ውስጥ፣ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ። የድምፅ ፋይሎቹን፣ የተገለበጠውን ሙሉ ጽሑፍና ፒዲኤፉን በሁለት ፍላሽ አድርጋችሁ አንዱን ከዚሁ ካርቶን ጋር፣ ሌላውን ሌላ ቤት አስቀምጡ። ፍላሽ በጊዜ ብዛት ስለሚበላሽ በየሁለት ዓመቱ ከፍቶ የሚያይና ወደ አዲስ የሚያዛውር አንድ ሰው ከወዲሁ በስም ይሰየም።